መልስ፦ እጅ ከጋለ ምጣድ የሚሸሸው ከሕመሙ ቀድሞ ለምንድን ነው?

ከቢቸና የጠየቁን እናት፣ የሰባት ዓመት ልጅዎ የጋለ ምጣድ ነክታ «እጄ መጀመሪያ ሸሸ፣ ያመመኝ በኋላ ነው፤ ለምን?» ማለቷን ጽፈዋል። ትዝብቷ ትክክል ነው።

በጣት ቆዳ ውስጥ ያሉ የነርቭ ጫፎች ሙቀቱን እንዳወቁ መልእክቱ በክንድ በኩል አልፎ በጀርባ አጥንት ውስጥ ወዳለው ህብለ ሰረሰር ይደርሳል፤ ህብለ ሰረሰርም የአንጎልን ፈቃድ ሳይጠብቅ የክንድን ጡንቻ እንዲሳብ ያዘዋል። ወሬው አንጎል ዘንድ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው፤ «አመመኝ» የምንለውም ያን ጊዜ ነው። ቆየት ብሎ የሚመጣው የማቃጠል ስሜት ደግሞ በሰከንድ 1 ሜትር ገደማ ብቻ በሚያደርሱ ቀጫጭን ነርቮች ስለሚጓዝ ይበልጥ ይዘገያል፤ ጡንቻን የሚያዙት ወፍራም ነርቮች ግን በሰከንድ ከ50 ሜትር በላይ ያደርሳሉ።

ለልጅዎ በእረኛ ቢያስረዷት ይቀላታል፦ ላም ጤፍ ማሳ ውስጥ ስትገባ እረኛው አባቱ ከገበያ እስኪመለስ አይጠብቅም፤ ሮጦ ያስወጣታል፣ ወሬውን ማታ ይነግራል። (እረኛ ያስባል፣ ህብለ ሰረሰር ግን አያስብም፤ ምሳሌው እዚህ ላይ ያነክሳል።)

አባትም ቢሆን (በምሳሌያችን አንጎል ማለት ነው) ዝም ብሎ የሚያይ አይደለም። እርስዎ የሚፋጅ የቡና ስኒ ለእንግዳ ሲያቀርቡ ጣትዎ እየተቃጠለ የማይለቁት፣ አንጎል ወደ ህብለ ሰረሰር ትእዛዝ ልኮ መሸሹን ስለሚገታው ነው።

ህብለ ሰረሰር የአንጎልን ፈቃድ ሳይጠብቅ ሲያዝ በዓይኗ እንድታይ፣ ማታ ከፍ ያለ ወንበር ላይ እግሯን አንጠልጥላ ትቀመጥና ከጉልበቷ ሎሚ በታች በእጅዎ ጠርዝ ቀስ ብለው መታ ያድርጓት፤ እግሯ ሳታዘው ወደ ፊት ይወረወራል።