የጭሱ ሂሳብ በማን ላይ ይጻፍ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ ገበያና ስለ አየር ንብረት የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሳነብ ሰነበትኩ። አምስቱን መርጬ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዓለምን እያቃጠላት ያለው ካፒታሊዝም ነው። እሱ ካልፈረሰ ሌላው ሁሉ ማስታገሻ ነው። ለምን በግልጽ አትለውም?» (ከአዳማ)

ወንድሜ፣ በግማሹ እስማማለሁ። ድንጋይ ከሰል አንድዶ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ ለከሰሉ ይከፍላል፣ ለሠራተኛው ይከፍላል፣ ለጭሱ ግን ለማንም ምንም አይከፍልም። የጭሱ ሂሳብ የሚወርደው ዝናብ ቀርቶ ከብቱ በሚያልቅበት የቦረና አርብቶ አደር ላይ ነው። ኢኮኖሚስቱ ኒኮላስ ስተርን በ2006 ለእንግሊዝ መንግሥት ባቀረቡት ጥናት የአየር ንብረት ለውጥን እስከ ዛሬ ከታዩት የገበያ ውድቀቶች ሁሉ ትልቁ ያሉት ለዚህ ነው።

ግን ሶቪየት ኅብረትንም አስታውስ። ጥጥ ለማልማት ብላ ወደ አራል ባሕር የሚገቡትን ሁለት ወንዞች ጠለፈች፣ በስፋት ከዓለም አራተኛ የነበረው ሐይቅም አብዛኛው ደረቀ። የዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች አሸዋ ላይ ቀርተው ዝገዋል። እዚያ ትርፍ የሚያሳድድ ባለሀብት አልነበረም፣ ኮታ የሚቆጥር ሹም ነበር። ስለዚህ የሥርዓቱ ስም ብዙ አያሳስበኝም፣ ጭሱ ዋጋ ተቆርጦለታል ወይ ብዬ ነው የምጠይቀው። ስዊድን በ1991 የካርቦን ታክስ ጣለች፤ ከዚያ ወዲህ ኢኮኖሚዋ አድጓል፣ ጭሷ ቀንሷል። የፀሐይ ፓኔሉም ታሪክ እንደዚያው ነው። ጀርመን በ2000 ባወጣችው ሕግ ከፀሐይ ለሚመነጭ መብራት ለ20 ዓመት የተቆረጠ ዋጋ ይከፈላል አለች። ገዥ መኖሩ ሲታወቅ የቻይና ፋብሪካዎች በመንግሥታቸው ብድርና ድጎማ ታግዘው ተሻምተው ገቡበት፣ ከ2010 ወዲህም የፓኔል ዋጋ 90 በመቶ ገደማ ወረደ። ዛሬ መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጣ ስልክ የምትሞላው ትንሽ ፓኔል የመጣችው በዚህ መንገድ ነው።

«የነዳጅ መኪና እንዳይገባ መከልከል ነፃ ገበያን መጣስ አይደለም ወይ? ብር ያጠራቀምኩት ለአሮጌ ቪትዝ ነበር።» (ከአዲስ አበባ)

ጣልቃ ገብነት ነው፣ ያውም ከከባዶቹ። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ክልከላውን ስታስታውቅ እንዲህ ያደረገች የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ዋናው ምክንያት ግን ከጭሱ ይልቅ ዶላሩ ይመስለኛል። ነዳጅ የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና የሚሞላበትን መብራት ግን በአብዛኛው ከራሳችን ውሃ እናመነጫለን፤ በ2025 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ማደያ በር ላይ መኪናው ውስጥ ተኝቶ ላደረ ሾፌር ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም።

የማልስማማው በቅደም ተከተሉ ነው። ክልከላው ባንዴ መጣ፣ ቻርጅ ማድረጊያው ግን ከአዲስ አበባ ወጣ ሲሉ እየሳሳ ይሄዳል፣ ባትሪ የሚያውቅ መካኒክም እንደዚያው። አብዛኛው ሕዝብ የሚሳፈረው ሚኒባስና አውቶቡስ ነውና መጀመር የነበረበት ከዚያ ነው።

«አሜሪካ ከፓሪስ ስምምነት ወጣች፣ ገባች፣ ደግሞ ወጣች። ስምምነቱ ምን ጥርስ አለው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

ጥርስ የለውም እህቴ። የ2015ቱ የአየር ንብረት ስምምነት እያንዳንዱ አገር ጭሱን የሚቀንስበትን ግብ ራሱ እንዲያወጣ ነው የሚለው፤ ባያሳካው ቅጣት የለም። ጥርስ ያለው ስምምነት ማየት ከፈለግሽ የ1987ቱ የሞንትሪያል ፕሮቶኮል አለልሽ። ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ንጣፍ የሚበሉትን የፍሪጅና የስፕሬይ ጋዞች ያስቀረው እሱ ነው። አባል ካልሆነ አገር ጋር በእነዚያ ጋዞች መነገድን ይከለክላል፣ ለድሃ አገሮች ደግሞ የመቀየሪያውን ወጪ የሚሸፍን ፈንድ አለው። የዓለም አገሮች በሙሉ ገቡበት፣ ኦዞኑም እያገገመ ነው።

«አውሮፓ ለቡናችን የማሳ ካርታ ይፈልጋል ተባልን። የእኔ ማሳ ግማሽ ሄክታር አይሞላም። ነገሩ ለደን ነው ወይስ እኛን ለማስወጣት?» (ከጅማ)

አባቴ፣ ሕጉ የወጣው በ2023 ነው፣ ዓላማውም ደን ነው። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ የተተከለ ቡና አውሮፓ አይገባም ይላል። ለዚህም እያንዳንዱ ማሳ የት እንዳለ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በታች ለሆነ ማሳ ግን ካርታ አይጠየቅም፣ በስልክ የሚያዝ አንድ የቦታ ነጥብ ይበቃል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀንም ሁለት ጊዜ ተራዝሟል።

ችግሩ አሠራሩ ላይ ነው። እርስዎ በቅርጫት ያመጡት እሸት ማጠቢያ ጣቢያው ሲደርስ ከጎረቤትዎ፣ ከወንድምዎና ከማያውቋቸው ብዙ ገበሬዎች ቡና ጋር ይደባለቃል። አንዱ ጆንያ የስንት ማሳ እንደሆነ ማን ይቁጠር? ትልቅ እርሻ ያለው የብራዚል ነጋዴ ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ይጨርሰዋል። በዛፍ ጥላ ሥር ቡና እያበቀሉ ደኑን ጠብቀው ያቆዩት እርስዎ ሆነው ሳለ ማስረጃ የማምጣቱ ሸክም እርስዎ ላይ መውደቁ በጣም ያናድደኛል። ወጪውን መሸፈን ያለበት ሕጉን ያወጣው ወገን ነው። ለጊዜው በማኅበርዎ ወይም በዩኒየኑ በኩል ይመዝገቡ፣ ለብቻዎ ገንዘብ ከፍለው ነጥብ አያስወስዱ።

«አህያ የለኝም፣ ከጅብ አልጣላም። በካይ ፋብሪካ የሌለን ሰዎች የአየር ንብረት ስብሰባው ምን ያደርግልናል?» (ከባሕር ዳር)

አህያማ አለን፣ ክረምት ጠብቆ የሚዘራ ገበሬ ነው ያለን። አፍሪካ በሙሉ ተደምራ ከዓለም ጭስ ድርሻዋ 4 በመቶ እንኳ አይሞላም፣ ድርቁ ግን መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእኛን በር ነው። በ2009 ኮፐንሃገን ላይ፣ መለስ ዜናዊ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች በመሩበት ጉባኤ፣ ሀብታሞቹ አገሮች ለድሃ አገሮች የአየር ንብረት ሥራ የሚሰጡትን ገንዘብ በ2020 በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናደርሳለን ብለው ነበር። የደረሱበት በ2022 ነው፣ አብዛኛውም ብድር ነው። በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ በ2035 በዓመት 300 ቢሊዮን አሉ፤ ድሃ አገሮች የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር። የ2027ቱ ጉባኤ አዲስ አበባ ነው። የእኛ ተደራዳሪዎች ገና በሩ ላይ እንዲጠይቁልኝ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ከዚህ ገንዘብ ውስጥ የማንመልሰው ስንቱ ነው?