ኮከብ ቆጠራ ከባቢሎን እስከ ጣና፦ ከመሪጌታ ጋር ጥያቄና መልስ

መሪጌታ፦ እንደምን አመሻችሁ፣ የባሕር ዳር ልጆች። የዛሬው ርእስ ኮከብ ቆጠራ ከየት ተነሥቶ እንዴት እኛ ዘንድ ደረሰ የሚለው ነው። አስቀድሜ ሁለት ነገር ልበል። የማንንም ኮከብ አልቆጥርም። ባሕረ ሐሳብንና ዐውደ ነገሥትን ደግሞ አትቀላቅሉብኝ። አንዱ የበዓላትና የአጽዋማት ማውጫ ነው፤ ሌላው ዕጣ ፈንታ ማያ ነው። በሉ ጠይቁ።

የዘጌ ልጅ፦ መሪጌታ፣ መጀመሪያ የጀመሩት እነማን ናቸው?

መሪጌታ፦ በእጃችን ባለው ጽሑፍ ባቢሎናውያን ናቸው። ያኔ ግን ለተራ ሰው አይቆጠርም ነበር። የሚታየው የንጉሡና የአገሩ ዕጣ ነው። ጨረቃ ስትጋረድ፣ የአጥቢያ ኮከብ ስትጠፋና ስትመለስ እያዩ ጦርነት ይመጣል፣ ጥጋብ ይሆናል ብለው በሸክላ ላይ ይጽፉ ነበር። ኤኑማ አኑ ኤንሊል የሚባለው ስብስብ ብቻ ወደ 70 ጽላት ይደርሳል። ሰማዩን 12 እኩል ቦታ፣ እያንዳንዱን 30 ዲግሪ አድርገው የከፈሉት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በሰው ልደት ቀን ከተሠሩት ቆጠራዎች ጥንታዊው የታወቀው ደግሞ በ410 ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው።

ታንኳ፦ የእኔን ኮከብ ይነግሩኛል? መስከረም ነው የተወለድኩት።

መሪጌታ፦ አልነግርም። ከላይ ብያለሁ።

ዓባይ ማዶ፦ ይቅርታ መሪጌታ፣ ጀማሪዎቹ እኛ ነን እንጂ ባቢሎን አይደለችም። በግሪካዊው ሉቅያኖስ ስም የሚታወቀው ጽሑፍ ራሱ ኮከብ ቆጠራን ለሰው መጀመሪያ የሰጡት ኢትዮጵያውያን ናቸው ይላል።

ሸምብጥ፦ ወዳጄ፣ ግሪኮች «ኢትዮጵያ» ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሁሉ ነው እኮ።

ዓባይ ማዶ፦ ታዲያ እኛ ከግብፅ በስተሰሜን ነን?

መሪጌታ፦ ጽሑፉ አለ፤ እንደዚያ ማለቱም እውነት ነው። ግን የተጻፈው በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በኋላ ነው። የባቢሎን ጽላቶች በዚያን ጊዜ ብዙ መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። የአገር ፍቅር ለማስረጃ አይተካም። ሁለታችሁም እዚህ ላይ ይብቃችሁ።

ፋሲሎ፦ ከባቢሎን እንዴት ወጣ?

መሪጌታ፦ እስክንድር ባቢሎንን ከያዘ በኋላ ዕውቀቱ ከግሪኮች ጋር ተገናኘ። በእስክንድርያ ግብፆች ሌሊቱን የሚለኩባቸው 36 የኮከብ ክፍሎች ተጨመሩበት። በጥሎሜዎስ የሚባለው የእስክንድርያ ሊቅ በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሁሉንም በአንድ መጽሐፍ አሰናዳው። ከግሪክ ወደ ህንድ፣ ከህንድና ከፋርስ ወደ ባግዳድ ሄደ። ባግዳድ በ762 ስትቆረቆር ቀኑን የመረጡት ኮከብ ቆጣሪዎች ናቸው። አውሮፓም በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከዐረብኛ ገልብጣ ነው የተማረችው። ወደ እኛም የገባው የዐረብኛውን በር አልፎ ነው። ሐመል፣ ሠውር፣ ገውዝ፣ ሸርጣን እያላችሁ እስከ ሑት ቁጠሩ፤ ዐረብኛ የሚያውቅ ሰው ሁሉንም ይረዳችኋል።

ሸምብጥ፦ የእኛ ግን በልደት ቀን ሳይሆን በስምና በእናት ስም ነው። ለምን?

መሪጌታ፦ በባግዳዱ ኮከብ ቆጣሪ በአቡ ማዕሸር ስም በሚዞሩት የዐረብኛ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው። የፊደሉን ቁጥር ደምሮ ለ12 መግደፍ፣ ማለት አካፍሎ ቀሪውን መያዝ ነው። ሰማዩን ቀና ብሎ ያየ የለም። ይኸው ነው።

የዘጌ ልጅ፦ አበቅቴስ? እሱም ከባቢሎን ነው?

መሪጌታ፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። አበቅቴና መጥቅዕ በባሕረ ሐሳብ በዓላትና አጽዋማት የሚወጡባቸው የጨረቃ ቁጥሮች ናቸው። የ2018ን ላሳያችሁ። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ዓመተ ዓለም፣ ማለት ከፍጥረት ጀምሮ ያለው ዓመት ይሆናል። ለ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል። አንዱን ለዘመን ትተን የሚቀረው ወንበር ይባላል፤ 12 ነው። 12 በ11 ሲባዛ 132፤ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12 በ19 ሲባዛ 228፤ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። ሁለቱ ሲደመሩ 30 ካልሆኑ ተሳስታችኋል። ያ 19 ንኡስ ቀመር የምንለው ነው። በ19 የፀሐይ ዓመት ውስጥ 235 የጨረቃ ወራት ስለሚገጥሙ ጨረቃ ወደ ቀድሞ ቀኗ ትመለሳለች። ባቢሎናውያን ወራቸውን በዚህ ያስተካክሉ ነበር፤ የእስክንድርያ ሊቃውንትም ፋሲካን አወጡበት። ይህ ግን ሒሳብ ነው። የማንንም ትዳርና ዕድል አይናገርም። አትቀላቅሉ።

ፋሲሎ፦ ለእኔ ሁሉም የሰይጣን ሥራ ነው። ሄኖክም ያወግዘዋል።

ታንኳ፦ የእኔ አያት ደብተራ ነበሩ፤ ሰው የሚረዱ እንጂ ሰይጣን አይደሉም!

ፋሲሎ፦ አያትህን መች ነካሁ?

መሪጌታ፦ ተዉ እንጂ ልጆች። ሄኖክን ካነሣችሁ በደንብ እንየው። ምዕራፍ 8 ላይ ኮከብ ቆጠራን ለሰው ያስተማሩት የወደቁት መላእክት ናቸው ይላል፤ ፋሲሎ ልክ ነህ። ነገር ግን ከምዕራፍ 72 እስከ 82 ዑራኤል ለሄኖክ የፀሐይንና የጨረቃን መንገድ ያሳየዋል። ፀሐይ በምሥራቅ ባሉ 6 በሮች ትወጣለች፣ በምዕራብ ባሉ 6 በሮች ትገባለች። አንድ መጽሐፍ ነው፤ ጥንቆላውን ኮንኖ ቀመሩን ያስተምራል። እኔ ሁልጊዜ ለዩ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ልብ በሉ። ቀኑ እጅግ ሲረዝም 12 ክፍል፣ ሌሊቱ 6 ክፍል ይሆናል ይላል። ቀኑ የሌሊቱ እጥፍ ማለት ነው። ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ ይህን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እዚህ ረጅሙ ቀን ከአጭሩ ቀን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ባልሞላ ጊዜ ነው። ሁለት ለአንድ የሚለው ቀመር ሙል አፒን በሚባለው የባቢሎን ጽላት ላይ አለ። ለባቢሎንም ቢሆን ግምት ነበር፤ እዚያም ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም። እንግዲህ ያ ቁጥር ከሜሶጶጣሚያ ተነሥቶ በአራማይክ ተጻፈ፣ ወደ ግሪክ ገባ፣ ወደ ግእዝ ተመለሰ። የአራማይኩ ቁርጥራጭ በሙት ባሕር አጠገብ ባሉት በቁምራን ዋሻዎች ተገኝቷል። ሙሉው መጽሐፍ የተረፈው ግን በግእዝ ብቻ ነው። እዚሁ ጣና ላይ በክብራን ገብርኤል ገዳም ያለው በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈ ቅጂ ከታወቁት ጥንታውያን አንዱ ነው። የገለበጡት አባቶች ቁጥሩን ከሰማያቸው ጋር አልገጠመም ብለው አላረሙትም። እንዳገኙት አቆዩት። ከባቢሎን የመጣውን መንገድ ዛሬ መከተል የቻልነው በዚያ ነው።

እንሶስላ፦ መሪጌታ፣ ክብራን ለሴት አይፈቀድም። እኔ የት ልየው?

መሪጌታ፦ እውነትሽን ነው እህቴ። መጽሐፉ በግእዝና በአማርኛ ታትሟል። ከምዕራፍ 72 ጀምረሽ ወረቀትና እርሳስ ይዘሽ አንብቢ፤ በሮቹን በወር በወር እየሣልሽ። ሲከብድሽ እዚሁ ጠይቂኝ።

ጊሽ ዓባይ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። ስለ ኮከብ ቢነግሩን?

መሪጌታ፦ ስለ ኮከብ ምኑን? ከላይ አንብብና ጥያቄህን ለይተህ ና።

የዘጌ ልጅ፦ የመጨረሻ ጥያቄ፦ ለመማር ከየት ልጀምር?

መሪጌታ፦ ከአበቅቴና ከመጥቅዕ ጀምር። የ2019ን ዓመት አውጥተህ ነገ ጻፍልኝ፤ ስሕተት ካለው አርምልሃለሁ። ሌሎቻችሁም እንዲሁ። ኮከቤን ቁጠርልኝ ለማለት ግን በውስጥ መስመር አትምጡብኝ።