የጨው ውሃው ለምን አረፋ ብቻ ሰጠ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ ውስጥ የአሉሚኒየም ውዳቂ አቅልጠን የወፍጮ ፑሊ በምንሠራበት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ቅይጥ ብረት በኤሌክትሪክ ከጨው ውስጥ እንደሚሠራ አነበብኩ። መጀመሪያ ሶዲየሙን ላውጣ ብዬ የገበታ ጨው በውሃ አሟሟሁ፤ ከባትሪ ድንጋይ ያወጣኋቸውን ሁለት የከሰል ዘንጎች ነክሬ ከመኪና ባትሪ ጋር አገናኘሁ። ያገኘሁት አረፋና የበረኪና ሽታ ብቻ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥፋቱ ውሃው ነው። የሸተተህም ራሱ በረኪና ነው። በአንደኛው ዘንግ ክሎሪን፣ በሌላው ሃይድሮጅን ይወጣል፤ ውሃው ውስጥ የሚቀረው ኮስቲክ ሶዳ ክሎሪኑን ሲያገኘው በረኪና ይሆናል። ሶዲየም ከመውጣቱ በፊት ውሃው ይፈርሳል። አሉሚኒየምና ማግኒዚየምም እንደዚሁ ከውሃ ውስጥ አይወጡም።

ስለዚህ ጨዉ ራሱ መቅለጥ አለበት። የገበታ ጨው በ801 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀልጣል፤ ያን ጊዜ ያለ ውሃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። አንተ በየቀኑ የምታቀልጠው አሉሚኒየምም ከእንዲህ ያለ ገንዳ የወጣ ነው። አሉሚና፣ ማለትም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ (ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደ አሉሚኒየም)፣ ብቻውን ለመቅለጥ ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1886 አሜሪካዊው ሆልና ፈረንሳዊው ኤሩ፣ ሳይተዋወቁ፣ ክራዮላይት በሚባል የቀለጠ ጨው ውስጥ አሉሚናውን በ960 ዲግሪ ገደማ አሟሙተው አሉሚኒየሙን በኤሌክትሪክ ለዩት።

ወደ ቅይጡ ልምጣ፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ እሱ ነው። በድምፅ ማጉያ ውስጥ ላለው ብርቱ ማግኔት የሚያገለግለውን ኒዮዲሚየም ተመልከት። ንጹሑ የሚቀልጠው ከ1000 ዲግሪ በላይ ነው፤ ብረት ደግሞ ከ1500 በላይ። ኒዮዲሚየም ባለበት የቀለጠ ጨው ውስጥ የብረት ዘንግ አሉታዊ ጫፍ ሆኖ ሲቆም፣ ኒዮዲሚየሙ እላዩ ላይ እያረፈ ከብረቱ ጋር ይዋሃዳል። መጠናቸው ሲመጣጠን ቅይጡ ከ700 ዲግሪ በታች እንኳ ፈሳሽ ስለሚሆን፣ ከዘንጉ ጫፍ እየተንጠባጠበ ከታች ባለው ዕቃ ይጠራቀማል። ሁለቱን ለየብቻ አቅልጦ መቀላቀል ሳያስፈልግ ቅይጡ እዚያው ይወለዳል! እ.ኤ.አ. በ2000 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ደግሞ የታይታኒየም ኦክሳይድን በቀለጠ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ ነክረው ኦክስጅኑን በኤሌክትሪክ እንደሚያወጡለት አሳዩ፤ የብዙ ብረታ ብረት ኦክሳይድ ተደባልቆ ከገባ፣ ሳይቀልጥ ቅይጥ ሆኖ ይወጣል።

ይህን ግን እናንተ ቤት እንዳትሞክር አጥብቄ እለምንሃለሁ። ወጣት ሳለሁ በሠራሁበት ወርክሾፕ መቁረጫ የምናጠነክረው በቀለጠ ጨው ነበር። አንድ ጠዋት ባልደረባዬ በደንብ ያልደረቀ መቁረጫ ነከረ። እርጥበቱ በቅጽበት እንፋሎት ሆነና ጨዉን ወደ ላይ ረጨው፤ ክንዴ ላይ ያረፈው ጠባሳ ዛሬም አለ። እዚያ ላይ ክሎሪን ከአየር ይከብዳል፤ ቆርቆሮ በተከደነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ተኝቶ ሳንባ ያቃጥላል። ፋብሪካዎች ጋዙን የሚስብ መሣሪያ አላቸው፤ ጨዉንም እርጥበት እስኪጠፋ ያደርቁታል።

በእጅህ ያለው ቅይጥ ሌላ ነው። የመስኮት ፍሬም ውዳቂ ሲሊከኑ በጣም ጥቂት ስለሆነ ቅርጹን በደንብ አይሞላም፣ ሲቀዘቅዝም ይሰነጠቃል። የመኪና ፒስተን አብዛኛውን ጊዜ 12 በመቶ ያህል ሲሊከን አለው። ፒስተኑን ለብቻ አከማች፤ ለፑሊው ከፍሬሙ ጋር አቀላቅለው። እያንዳንዱንም ቁራጭ ከመጨመርህ በፊት ምድጃው ዳር አስቀምጠህ በደንብ አድርቀው፤ እርጥበት በቀለጠ አሉሚኒየም ውስጥም እንደዚያው ይፈነዳል።