ካሲያ ጋም ቀረፋ ነው ወይ? (መልስ)

ሰላም እህቴ። የአይስክሬም ዕቃ ላይ «ካሲያ ጋም» የሚል አይተሽ ቀረፋ ነው ወይ ብለሻል። አይደለም፤ የስም መመሳሰል ነው ያሳሳተሽ። ካሲያ ጋም ከአተርና ባቄላ ወገን ከሆነ ተክል ዘር የሚወጣ፣ ምግቡን ወፈር የሚያደርግ ጭማሪ ነው። የምግብ ጭማሪ ቁጥሩ 427 ነው።

ካሲያ የሚባለው ቀረፋ ደግሞ የዛፍ ልጣጭ ነው። እኔ ለገጣፎ ከጉልት የምገዛው እሱን ነው። ወፍራም ነው፣ እንደ እንጨት ይጠነክራል፣ በእጅ ልስበርህ ብትይው እሺ አይልም። የስሪላንካው ቀረፋ ግን እንደ ወረቀት ስስ ነው፤ ብዙ ንብርብር ሆኖ ይጠቀለላል፣ በጣት ይፈረፈራል። ዱቄት ከሆነ ግን በዓይን መለየት ከባድ ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። ካሲያ ቀረፋ ውስጥ ኩማሪን የሚባል ነገር በብዛት አለ፤ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። በአውሮፓ የተቀመጠው የቀን ልክ ለአንድ ኪሎ ክብደት 0.1 ሚሊግራም ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 6 ሚሊግራም መሆኑ ነው። ሻይ ላይ ስባሪ ጣል ማድረግ አያስፈራም። እናቴ ግን ለስኳሯ ብላ በየጠዋቱ አንድ ማንኪያ ዱቄት በሙቅ ውሃ ትጠጣ ነበር። ለምኜ አስተውኳት። በቤትሽ እንዲህ የሚያደርግ ካለ ሐኪሙን ያማክር፣ እባክሽ።