የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ «ቴስቱ ፌይል ብሏል፤ ልተወው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ኤስትሬስ (strace) ለተባለው፣ አንድ ፕሮግራም ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) ምን ምን እንደሚጠይቅ ለሚያሳየው ክፍት ሶፍትዌር የአቅሜን ማበርከት እፈልጋለሁ፤ የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋ የምችለው ግን በመጠኑ ነው። ኮዱን አውርጄ ዶከር (ፕሮግራሞችን ከቀረው ማሽን ለይቶ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ቴስቶቹን በሚያስኬደው «ሜክ ቼክ» ትእዛዝ ስሞክር ብዙ ቴስቶች «ስኪፕ» (ታለፈ)፣ ጥቂቶቹ «ፌይል» (ወደቀ) አሉ። ልተወው ይሆን? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ኧረ አትተወው! ሥራው ገና አሁን መጣፈጥ ጀመረ።

«ስኪፕ» አያስጨንቅህ። ቴስቱ 77 የሚል የመውጫ ቁጥር መልሶ ሲወጣ «እዚህ ማሽን ላይ ልሠራ አልችልም» ማለቱ ነው። ለምሳሌ ከርነልህ ያንን ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ለከርነሉ የሚያቀርበውን ጥያቄ) አያውቀው ይሆናል።

«ፌይል» ላለው መጀመሪያ ከዶከር ውጣ። ዶከር ሴክኮምፕ በተባለው የከርነል ማጣሪያ አንዳንድ ሲስተም ኮሎችን ይከለክላል። ቴስቱ አንድ ዓይነት ስህተት ሲጠብቅ «ፈቃድ የለህም» የሚል መልስ ይመጣበታል። የወደቀውን ቴስት ብቻ ለይተህ ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ አስኪደው።

አሁንም ወደቀ? እንግዲያው ሎጉን ክፈት። የቴስቱ አሠራር ቀላል ነው፦ አንድ ትንሽ የሲ ፕሮግራም ሲስተም ኮሉን ይጠራና ኤስትሬስ ምን ብሎ ማተም እንዳለበት ራሱ ይጽፋል። ስክሪፕቱ ያንን ኤስትሬስ በእርግጥ ካተመው ጋር ያስተያያል። እኔ በጣም የምወደው ተንኮል ደግሞ አለ። ቴስቶቹ ብዙ ጊዜ ዳታውን ሆን ብለው የሜሞሪ ገጽ ጫፍ ላይ ያስቀምጡታል፤ ቀጣዩ ገጽ ዝግ ነው። ኤስትሬስ አንድ ባይት እንኳ አልፎ ለማንበብ ከሞከረ ንባቡ ይከሽፍና በዳታው ፈንታ አድራሻውን ብቻ ያትማል። ተያዘ ማለት ነው! እንዲህ ያለ ስህተት በዓይን ኮድ በማንበብ ብቻ በቀላሉ አይገኝም።

ስለ ሲ ችሎታህ ብዙ አትጨነቅ፤ ቴስቱን በራስህ ማሽን አስኪደህ ውጤቱን መላክም ማበርከት ነው። ፖል ክራነንበርግ እ.ኤ.አ. በ1991 ሰንኦኤስ ለተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጻፈው ይህ መሣሪያ ዛሬ ሊኑክስ በሚሠራባቸው ብዙ የፕሮሰሰር ዓይነቶች ላይ ይሠራል። ሁሉንም ዓይነት ማሽን ጠረጴዛው ላይ የደረደረ አዘጋጅ የለም። እኔ ራስፕቤሪ ፓይ በምትባል አሮጌ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ነው የማስኬደው፤ ቀርፋፋ ነው፣ ቡና አፍልቼ እመለሳለሁ። ግን ከአዲስ ላፕቶፕ የማይገኝ ውጤት ይሰጠኛል።

ሪፖርት ስትልክ የከርነሉን ቁጥር፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የኤስትሬሱን ቨርዥንና የወደቀውን ቴስት ሎግ ሙሉውን አያይዝ። «አልሠራም» ብቻ ብለህ አትላክ፣ አዘጋጆቹን ምንም አያሠራቸውም። ፓች (የኮድ ማስተካከያ) የምትልክ ከሆነ ደግሞ ለውጡን ከሚገልጸው የኮሚት መልእክት ግርጌ «ሳይንድ ኦፍ ባይ» (Signed-off-by) የሚለውን መስመር ከነስምህ ጨምር። ኮዱን የመስጠት መብት አለኝ ብለህ መፈረምህ ነው።