«ክሬዲትሽን አጸዳልሻለሁ» ላለው ሰው 1,500 ዶላር ይከፈል?

ጥያቄውን ላላያችሁ ባጭሩ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር እህታችን ስልኳ ላይ የሚታየው የክሬዲት ስኮር (አበዳሪዎች የሚያዩት ነጥብ) 590 ነው። በመጪው ሰመር ቤት መግዛት ትፈልጋለች። የክሬዲት ሪፖርቷ ላይ ለኮሌክሽን (ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት) የተሸጠ የ2,300 ዶላር የካርድ ዕዳ፣ የ380 ዶላር የሆስፒታል ኮሌክሽን፣ የመኪና ብድሯ ላይ አንድ የ30 ቀን መዘግየት፣ ጨርሶ የማታውቀው የስልክ ዕዳ፣ በዚያ ላይ ሊሚቱ (ጣሪያው) 3,000 በሆነ ካርድ ላይ 2,700 ባላንስ አለ። አንድ ሰው «በ60 ቀን ሁሉንም አስጠፋለሁ» ብሎ 1,500 ዶላር ጠይቋታል፤ ግማሹን አሁኑኑ በዜል።

እህቴ፣ አትክፈይ። ሌላውን ሁሉ ከማውራታችን በፊት ይቺን ሒሳብ እዪልኝ። ካርድሽ ከሊሚቱ 90 በመቶ ተይዟል። ያንኑ 1,500 ዶላር ለሰውየው ሳይሆን ለካርዱ ብትከፍዪው ባላንሱ 1,200 ይሆናል፤ 40 በመቶ ማለት ነው። 300 ብትጨምሪበት 900፣ ማለትም 30 በመቶ ላይ ትደርሻለሽ። ከ300 ዶላር በታች ካወረድሽው ከ10 በመቶ በታች ነሽ፤ ጥሩው ቦታ እዚያ ነው። በፋይኮ (አበዳሪዎች በብዛት በሚጠቀሙበት የስኮር ዓይነት) አቆጣጠር 35 በመቶው የአከፋፈል ታሪክ፣ 30 በመቶው ያለብሽ የዕዳ መጠን ነው፤ ከዚህ ከሁለተኛው ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ደግሞ ካርድሽ ምን ያህል እንደተያዘ ነው። አብዛኞቹ ስኮሮች ያለፈውን ወር ባላንስ አያስታውሱም፤ ዛሬ ካወረድሽው በሚቀጥለው ሪፖርት ይታያል። ይህን ደግሞ የትኛውም ተከፋይ ሊሠራልሽ አይችልም። እቁብ ላይ ካለሽ ዕጣሽ ሲወጣ መጀመሪያ እዚህ ጣዪው (እቁቡ ራሱ የትም ሪፖርት ስለማይደረግ ዓመት ሙሉ ብትጥዪም ለስኮርሽ ምንም አይጨምርም)።

የምትከፍዪበትን ቀን ግን አስተውዪ። ካርድሽ ስቴትመንቱን (የወሩን የሒሳብ መግለጫ) በየወሩ 14 ቀን ላይ የሚዘጋ ከሆነ የመክፈያው የመጨረሻ ቀን በሚቀጥለው ወር 8 አካባቢ ይሆናል። ሰው 8 ላይ በሰዓቱ ከፍሎ «ሙሉውን እየከፈልኩ ስኮሬ ለምን አይነሳም?» ይላል። አብዛኞቹ ባንኮች ለክሬዲት ቢሮዎቹ (ሪፖርቱን ለሚያዘጋጁት ሦስት ድርጅቶች) የሚልኩት ስቴትመንቱ ሲዘጋ የነበረውን ባላንስ ስለሆነ ነው። 10 ወይም 11 ላይ ክፈይ፣ ከዚያ እስከ 14 ድረስ ካርዱን አትነካኪው።

አሁን ወደ ሪፖርቱ። ስልክሽ ላይ ያለው አፕ አይበቃም። ነፃ አፖች ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት ቫንቴጅ ስኮር 3.0 የሚባለውን ሌላ ዓይነት ስኮር ነው፤ የቤት አበዳሪዎች ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙ የኖሩት በቆዩት የፋይኮ ስኮሮች ነው፤ ከሦስቱ ቢሮዎች ደግሞ መካከለኛውን ቁጥር ይወስዳሉ። ልዩነቱ 30 ወይም 40 ነጥብ ሊሆን ይችላል፣ ወደላይም ወደታችም። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብተሽ የኢኩዋፋክስን፣ የኤክስፔሪያንን እና የትራንስዩኒየንን ሦስቱንም ሪፖርት አውጪ። በየሳምንቱ ነፃ ነው። ካርድ ቁጥር የሚጠይቅሽ ገጽ ከሆነ የገባሽው ሌላ ቦታ ነው። ፒዲኤፉን አስቀምጪው፤ በኋላ ምን እንደተቀየረ የምታሳዪበት ማስረጃ እሱ ነው።

ሕጉ የሚያስጠፋልሽ ስህተት የሆነውን፣ የተጓደለውን፣ ወይም ላኪው (መረጃውን ለቢሮው የላከው ባንክ ወይም ኮሌክሽን) ማረጋገጥ ያልቻለውን ብቻ ነው። እውነት የሆነ መጥፎ ታሪክ በጥቅሉ 7 ዓመት ይቆያል፤ ለጠበቃም ለደላላም የተለየ በር የለም። ስለዚህ የአንቺን አንድ በአንድ እንየው።

ቀላሉ የሆስፒታሉ ነው። ከኤፕሪል 2023 ጀምሮ ሦስቱም ቢሮዎች መነሻው ከ500 ዶላር በታች የሆነ የሕክምና ኮሌክሽን አያሳዩም። የአንቺ 380 ነውና መታየት የለበትም። የሚታየው ብዙ ጊዜ ኮሌክሽኑ «የሕክምና» ተብሎ ባለመመዝገቡ ነው፤ የሆስፒታሉን ቢል ቅጂ አያይዘሽ ዲስፒዩት አድርጊ (ስህተት ነው ብለሽ ለቢሮው ጻፊ)። ቢሉን ሆስፒታል ውስጥ በሰጡሽ የሕክምና ክሬዲት ካርድ ከፍለሽው ከነበረ ግን ዕዳው የካርድ ዕዳ ሆኗል፤ ይህ ከለላ አይሠራለትም።

የመኪናው መዘግየት እውነት ከሆነ «የኔ አይደለም» ብለሽ አትጻፊ። ለአበዳሪው በትህትና ደብዳቤ ጻፊ፦ ከዚያ በፊትና በኋላ ስንት ወር በሰዓቱ እንደከፈልሽ፣ ያን ወር ምን እንደገጠመሽ፣ እንደ በጎ ፈቃድ እንዲያነሱልሽ። ግዴታ የለባቸውም። አበዳሪው ውስጥ አንዱ ክፍል እምቢ ካለ ሌላ ክፍል መሞከር ግን ነውር የለውም።

የማታውቂው የስልክ ዕዳ ላይ ቆም እንበል፤ በእኛ ሰው ላይ ይህ ይበዛል። የአባት ስም እንደ ላስት ኔም ስለሚያዝ ወንድምና እህት፣ የአጎት ልጅ ሳይቀር አንድ ላስት ኔም ይዘው አንድ አድራሻ ላይ ኖረው ያውቃሉ። ስማቸው ሲጻፍ አንዴ በአንድ ኤስ፣ አንዴ በሁለት ኤስ ነው። በስደት የመጣ ሰው ደግሞ የልደት ቀኑ ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ተመዝግቧል። ከ2011 በፊት አብረው የገቡ ቤተሰቦች ሶሻላቸው (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸው) ተከታታይ ሆኖ የመጨረሻው አኃዝ ብቻ የሚለይበት ጊዜ አለ። ማሽኑ ይህን ሁሉ አይቶ ሁለት ሰው አንድ ፋይል ውስጥ ይከታል። የሪፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ እዪው፤ ኖረሽ የማታውቂው አድራሻ፣ ሠርተሽ የማታውቂው መሥሪያ ቤት፣ ያንቺ ያልሆነ ስም ካለ ፋይሉ ተደባልቋል። ከዕዳው ጋር እነዚያንም እንዲያወጡ ጠይቂ፤ የተሳሳተው አድራሻ እዚያው ከቀረ ያ ዕዳ ተመልሶ ሊለጠፍብሽ ይችላል። የገጠመሽ መደባለቅ ሳይሆን በስምሽ ሌላ ሰው የከፈተው አካውንት ከሆነ መንገዱ ይለያል፦ አይደንቲቲ ቴፍት ዶት ገቭ ላይ ሪፖርት አውጥተሽ ትልኪያለሽ፣ ቢሮው ማስረጃሽ በደረሰው በ4 የሥራ ቀን ውስጥ ያግደዋል።

ከባዱ የ2,300ው ነው። ቻርጅ ኦፍ ማለት ዕዳው ቀረ ማለት አይደለም፤ ባንኩ ኪሳራ አድርጎ መዘገበው፣ ከዚያ ሸጠው ማለት ነው። በሪፖርቱ ላይ የባንኩ መስመር «ተሽጧል» የሚልና ባላንሱ ዜሮ መሆን አለበት፤ 2,300 የሚታየው በገዢው መስመር ላይ ብቻ። ሁለቱም 2,300 ካሉ አንድ ዕዳ ሁለቴ ተቆጥሮብሻልና ዲስፒዩት አድርጊ። ቀጥሎ የመጀመሪያውን መዘግየት ቀን እዪ። ለምሳሌ መክፈል ያቆምሽው በማርች 2023 ሆኖ ገዢው አካውንቱን በኦክቶበር 2024 ከከፈተ፣ 7 ዓመቱ የሚቆጠረው ከ2023ቱ ነው። ዕዳ በተሸጠ ቁጥር ሰዓቱ እንደ አዲስ አይጀምርም። ትራንስዩኒየን መስመሩ ከሪፖርቱ የሚጠፋበትን ወርና ዓመት ስለሚጽፍ ከሌሎቹ ሁለት ጋር አስተያዪው።

ይህን ዕዳ ለመክፈል ከወሰንሽ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት «ስትከፍል ከሦስቱም ቢሮዎች እናወጣለን» የሚል ጽሑፍ ጠይቂ። የቆዩት የፋይኮ ስኮሮች የተከፈለንና ያልተከፈለን ኮሌክሽን ብዙም ስለማይለዩ «ተከፍሏል» ብቻ መባሉ ስኮርሽን ላያነሳው ይችላል። በስልክ የተባለ ቃል አይቆጠርም፤ የባንክ አካውንት ቁጥርሽንም አትስጪ፣ በካሺየር ቼክ ክፈይ። በ1,000 ከተስማማችሁ የቀረው 1,300 ዶላር እንደ ገቢ ተቆጥሮ 1099-ሲ ሊመጣብሽ ይችላል፤ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲማርሽ የሚላክ የታክስ ፎርም ነው። እስከዚያው ከፍርድ ቤት ወረቀት ከመጣ መሳቢያ ውስጥ አይገባም፤ ሜሪላንድ ውስጥ ላለ ሰው መልስ መስጫው 15 ቀን ነው።

ዲስፒዩቱ እንዴት ይጻፋል? ለእያንዳንዱ ቢሮ አንድ ደብዳቤ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ። ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ ሶሻል፣ አድራሻ፣ ከዚያ የአካውንቱ ስምና ቁጥር፣ ምኑ እንደተሳሳተ፣ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጊ። «ባላንሱ 2,300 ይላል፤ አካውንቱ ስለተሸጠ ዜሮ መሆን አለበት፤ የባንኩ ደብዳቤ ተያይዟል» ዓይነት። የመታወቂያና የመብራት ወይም የውሃ ቢል ቅጂ አያይዢ፣ የሪፖርቱን ገጽ ክበቢበት፣ ኦሪጅናል አትላኪ። ፖስታ ቤት ሰርቲፋይድ ከመድረሻ ደረሰኝ ጋር በይ፤ 10 ዶላር ገደማ ነው። ኤክስፔሪያን ፒ.ኦ. ቦክስ 4500፣ አለን፣ ቴክሳስ 75013። ኢኩዋፋክስ ፒ.ኦ. ቦክስ 740256፣ አትላንታ፣ ጆርጂያ 30374። ትራንስዩኒየን ፒ.ኦ. ቦክስ 2000፣ ቼስተር፣ ፔንሲልቬንያ 19016። ኦንላይንም ይቻላል፤ የተደባለቀ ፋይል ግን በትናንሽ ሳጥኖች ምርጫ አይገለጽም።

መልስ ለመስጠት በጥቅሉ 30 ቀን አላቸው፤ ዲስፒዩት ያደረግሽው ነፃውን ዓመታዊ ሪፖርት አይተሽ ከሆነ ወይም በመሃል ተጨማሪ ማስረጃ ከላክሽ እስከ 45 ይረዝማል። «ተረጋግጧል» ብለው ከመለሱ ያንኑ ደብዳቤ ደግመሽ አትላኪ፣ አዲስ ነገር የሌለው ዲስፒዩት ውድቅ ይደረጋል። እንዴት እንዳረጋገጡ ጠይቂ፣ በ15 ቀን ሊነግሩሽ ይገባል፤ ከዚያ ለሲኤፍፒቢ (ለፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት) አቤቱታ አስገቢ። ለባንኩ ወይም ለኮሌክሽኑ በቀጥታም መጻፍ ትችያለሽ፤ በቢሮው በኩል ያለፈ ዲስፒዩት ግን መቅረት የለበትም፣ በኋላ ላኪውን ለመክሰስ በር የሚከፍተው እሱ ነውና።

ሰውየው በ1,500 ዶላሩ ምን ሊሠራ ነው? አብዛኞቹ የሚያደርጉት ሁሉንም መስመር «የኔ አይደለም» ብለው በጅምላ መላክ ነው። ቢሮው ያን ወደ አጭር ኮድ ለውጦ ለባንኩ ይልከዋል፣ ባንኩ ስምና ሶሻል አስተያይቶ «የሷ ነው» ይላል፣ አለቀ። የከፋው እውነተኛ ዕዳሽን «ተሰርቄ ነው» ብሎ የማንነት ስርቆት ሪፖርት የሚያስገባው ነው። መስመሩ በአራት ቀን ይጠፋል፣ ስኮሩ ይነሳል፣ ስክሪንሾት ይልክልሻል፣ ቀሪውን ግማሽ ይቀበላል። ከዚያ ባንኩ የፈረምሽበትን ያቀርብና መስመሩ ይመለሳል። የሐሰቱ ሪፖርት የገባው በአንቺ ስም ነው፤ ግሪን ካርድ ላይ ላለ ሰው የማጭበርበር ክስ ደግሞ ከክሬዲት ያለፈ መዘዝ አለው። በሶሻልሽ ፋንታ ሌላ ዘጠኝ አኃዝ ቁጥር እንድትጠቀሚ የሚመክርሽ ካለ ውይይቱን እዚያው ዝጊው።

የ1996ቱ የፌዴራል ሕግ ክሬዲት አስተካካይ ሥራውን ሳይጨርስ ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። የጽሑፍ ውል ሊሰጥሽ ይገባል፤ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያለ ክፍያ ልትሰርዢው መብት አለሽ። ሜሪላንድ ደግሞ ፈቃድ ይጠይቃል። «ውልና የፈቃድ ቁጥር ላክልኝ» በይውና መልሱን እዪ።

ሰው መቅጠር የሚያስፈልግበት ጊዜ የለም እያልኩ አይደለም። የተደባለቀው ፋይል ከሁለት ዲስፒዩት በኋላ ካልተለየ የሸማቾች መብት ጠበቃ ፈልጊ፤ ስታሸንፊ የጠበቃውን ክፍያ ተከሳሹ እንዲከፍል ሕጉ ስለሚፈቅድ ብዙዎቹ ካንቺ ኪስ አይቀበሉም። ወርሃዊው ክፍያ ከአቅምሽ በላይ ከሆነ ለትርፍ ያልተቋቋሙ የክሬዲት አማካሪዎች አሉ። ችግሩ እንግሊዝኛው ብቻ ከሆነ ደብዳቤ ለሚጽፍልሽ ሰው በደብዳቤ ከፍለሽ መገላገል ይቻላል፤ የፖስታው አድራሻና ፊርማው ያንቺ ይሁን እንጂ።

ከጊዜው አንፃር፣ ዲስፒዩቶቹን በዚህ ወር አስጀምሪ። ቤት ለመግዛት ስታመለክቺ ያልተዘጋ ዲስፒዩት ሪፖርቱ ላይ ካለ ፋይልሽን ያዘገየዋል፤ በኤፍኤችኤ ብድር (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና የሚሰጠው የቤት ብድር) ክርክር ላይ ያሉት መጥፎ አካውንቶች ከሕክምናው ውጭ ተደምረው 1,000 ዶላር ከደረሱ የአበዳሪው ኮምፒውተር ቢያሳልፍሽ እንኳ በእጅ ወደሚታይ ፋይል ይወርዳል። ያንቺ 2,300 ብቻውን ይህን ያልፋል። ክርክሩ ሲያልቅ «ዲስፒዩትድ» የሚለው ማስታወሻ መነሳቱን አረጋግጪ። ኤፍኤችኤ በ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ የሚቀበለው ከ580 ጀምሮ ነው፤ ብዙ አበዳሪዎች ግን ከዚያ ከፍ ያለ ይጠይቃሉ። ካርዱን ካወረድሽ በኋላ ጥቂት ነጥብ ብቻ ከጎደለሽ የሎን ኦፊሰርሽን ራፒድ ሪስኮር ጠይቂው፤ አዲሱን ባላንስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስገባልሻል፣ ወጪውንም የሚችለው አበዳሪው ነው።