ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ዱካክ ከያዘኝ ወዲህ መተኛት ፈራሁ»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ጅማ ሲቪል ምህንድስና እማራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚመላለስብኝ አንድ ሕልም አለ። ጊቤ ሞልቶ ልሻገር ስል ውኃው ይወስደኛል። ከጥቂት ወራት በፊት ዩቲዩብ ላይ ስለ ሉሲድ ድሪም አየሁ። ሕልም ውስጥ ሆነህ «ይሄ እኮ ሕልም ነው» ብለህ ካወቅክ ሕልሙን መለወጥ ትችላለህ ይላል። ደስ አለኝና ጀመርኩ። ሌሊት 10 ሰዓት በአላርም እነቃለሁ። ከዚያ በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ ሳልንቀሳቀስ፣ ሰውነቴ ሲተኛ አእምሮዬ እንዳይተኛ እሞክራለሁ። በአራተኛው ሌሊት ዓይኔ ተገልጦ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ። ሎከሩ አጠገብ ጥቁር ነገር ቆሞ ነበር። መጥቶ ደረቴ ላይ ተቀመጠ። የሞትኩ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተደግሟል። የዶርም ጓደኛዬ «ዱካክ ነው፤ እኔ አያተል ኩርሲ ሳልቀራ አልተኛም፤ አንተም ጸልይ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ ጸበል ካልወሰድኩህ እያለች ነው። አሁን የምተኛው መብራት አብርቼ ነው። እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት እንቅልፍ አይወስደኝም። እውነቱን ለመናገር በፈተና ሰሞን ጫት ቅሜ አጠና ነበር፤ ፈተናው ካለቀ ወዲህ ትቻለሁ። ሉሲድ ድሪሙን መተው አልፈልግም። ፍርሃቱን እንዴት ላሸንፈው? እየታመምኩ ይሆን?

መልስ፦

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የቸኮልክበትን ልመልስልህ። የደረሰብህ ነገር አይገድልም። የእብደት መጀመሪያም አይደለም።

እኔንም ይዞኝ ያውቃል። ኢንተርን ሳለሁ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዱቲ አድሬ ከምሳ በኋላ ልብሴን ሳልቀይር በጀርባዬ ተኛሁ። ዓይኔን ስገልጥ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። በሩን ግን ቆልፌ ነው የተኛሁት። ነገሩ ምን እንደሆነ ተምሬዋለሁ፤ ያን ሰዓት ግን የተማርኩት ሁሉ ጠፋኝ። እናቴን ልጣራ ብል ድምፄ አልወጣም። ስለዚህ ፍርሃትህን የማውቀው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንቅልፋችን በዙር ይሄዳል። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዙሩ መጨረሻ ላይ ሬም የሚባል ክፍል አለ። ያኔ ዓይናችን ከቆቡ ሥር ወዲያ ወዲህ ይላል። ደማቅ ሕልም በብዛት የምናየውም ያኔ ነው። ሕልም ላይ ስትሮጥ እግርህ እውነት ቢሮጥ ኖሮ ከአልጋ ወድቀህ ትጎዳ ነበር። ስለዚህ የአንጎላችን ግንድ ወደ ጡንቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ይዘጋዋል። ይሄ ሁልጊዜ፣ በየሌሊቱ፣ በአንተም በእኔም በእናትህም ላይ ይሆናል። ተኝተን ስለሆነ አናውቀውም። አንዳንዴ ግን አእምሮ ቀድሞ ይነቃል፤ መቆለፊያው ገና አልተከፈተም። ሐኪሞች ስሊፕ ፓራሊሲስ የምንለው ይሄንን ነው። አገሩ ዱካክ ይለዋል።

ሁሉም ነገር ግን አይቆለፍም። ዓይንህ አይቆለፍም። ዲያፍራም የሚባለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻም ሥራውን አያቆምም። ደረትህ ላይ የተቀመጠብህ ክብደት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ሬም ላይ ትንፋሽ አጠር አጠር ያለ ነው፤ የደረትና የአንገት አጋዥ ጡንቻዎችም ላልተዋል። አንተ ደግሞ ደንግጠህ በኃይል ልትስብ ትሞክራለህ። አይሳብልህም። ያኔ አንድ ነገር የተጫነህ ይመስልሃል። አየር ግን እየገባ ነው። ሁሌም እየገባ ነው።

ጥቁሩ ነገርስ? ሬም ላይ አደጋን የሚያነፈንፈው የአንጎል ክፍል፣ አሚግዳላ፣ በጣም ንቁ ነው። ነቅተህ መንቀሳቀስ ሲያቅትህ ማስጠንቀቂያውን ይደውላል። ሕልሙም ገና አልቆመም። ስለዚህ አንጎልህ ለፍርሃቱ ምክንያት ይፈልግና ይሥልለታል፤ ያገኘውም ጨለማ ክፍልና ሎከር ነው። ጃፓኖች ይሄን ካናሺባሪ ይሉታል። በካናዳ ኒውፋውንድላንድ የሚኖሩ ሰዎች ደረታቸው ላይ የምትቀመጥ አሮጊት ናት ይላሉ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ የ2011 (እ.ኤ.አ.) ግምገማ ከ100 ሰው ወደ 8 የሚሆነው ቢያንስ አንድ ጊዜ እንደደረሰበት አግኝቷል። በተማሪዎች ላይ ሲቆጠር ወደ 28 ይወጣል። ዶርም ውስጥ ብትጠይቅ ብቻህን እንዳልሆንክ ታያለህ።

አሁን ስለ አንተ እናውራ። የጀመርከው መንገድ ምን እንደነበር አስብ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ነቃህ። ሬም የሚረዝመው ወደ ንጋት ሲቃረብ ነው። በጀርባህ ተኛህ። ስሊፕ ፓራሊሲስ ከሌላ አተኛኘት ይልቅ በጀርባ ሲተኙ ይበዛል። ከዚያ ሰውነትህ ሲተኛ አእምሮህ እንዳይተኛ ጠበቅህ። ወንድሜ፣ የጠበቅከው ነው የመጣው። ሰውነት ተቆልፎ አእምሮ ነቅቶ መገኘት ማለት እኮ እሱ ነው። የተበላሸ ነገር የለም። ያስተማረህ ሰው በሩ ላይ ምን እንደምታገኝ ሳይነግርህ ነው የላከህ። ፍርሃቱንም ያከበደው ይሄ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጫቱ ነው። በግልጽ ስለነገርከኝ አመሰግንሃለሁ፤ ጅማ ላይ ይሄን ጥያቄ የማልጠይቀው ታካሚ ጥቂት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚመሳሰል አነቃቂ ነው። እንደዚህ ያሉ አነቃቂዎች እንቅልፍን ከመግፋት አልፈው ሬምን ያሳንሳሉ። ስታቆም የተገፋው ሬም በብዛትና በኃይል ይመለሳል። ሕልሙ ይደምቃል፣ ይከብዳል። ቃሚዎች ያልቃሙ ዕለት ለሚመጣባቸው ክፉ ሕልም ዱካክ የሚል ስም የሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙ ሰው «ሐራራው ነው፣ ትንሽ ብቅም ይለቀኛል» ይልና ይመለሳል። አንተ እንዳትመለስ። ቀናት ሲያልፉ እየቀለለ ይሄዳል።

ሦስተኛው ፍርሃቱ ራሱ ነው። ፈርተህ እስከ 8 ሰዓት ትቆያለህ። እንቅልፍህ ይጎድላል። እንቅልፍ የጎደለውና ሰዓቱ የተዛባ ሰው ደግሞ በዚሁ ነገር ይበልጥ ይያዛል። ከዚያ ትፈራለህ። ቀለበቱን መበጠስ ያለብን እዚህ ጋ ነው።

ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ሙከራውን አቁም። እንድትተወው አይደለም፤ እንቅልፍህን መጀመሪያ እናስተካክል። ምሽት 5 ሰዓት ተኛ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተነሣ፤ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን። በጎንህ ተኛ፤ ወደ ጀርባ እንዳትገለበጥ ትራስ አስደግፍ። ቡናን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ ሆኜ ቡና ተው ማለት ይከብደኛል፤ አልልህምም። ግን ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ምሽት 2 ሰዓት ላይ አቦል ጠጥተህ በረካ ድረስ ከተቀመጥክ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይም ግማሹ ከአንተ ጋር ነው። ከቀትር በፊት ጠጣው። መብራቱን በአንዴ ማጥፋት ከከበደህ ትንሽ ደብዘዝ ያለ ብርሃን ይኑርህ፤ ቀስ እያልክ ታጠፋዋለህ።

ፍርሃቱን ለማሸነፍ የሚረዳ ጥሩ መንገድ አለ። ባላንድ ጃላል የተባለ ተመራማሪ ያዘጋጀው ነው፣ አራት ደረጃ አለው። ገና ብዙ ሰው ላይ የተፈተነ ባይሆንም ከሰውነታችን አሠራር ጋር ስለሚስማማ ለታካሚዎቼ እመክረዋለሁ። ሲይዝህ ዓይንህን ጨፍን፣ ጥቁሩን ነገር አትመልከተው። መጀመሪያ የሚሆነውን በስሙ ጥራው፦ «ይሄ ስሊፕ ፓራሊሲስ ነው፤ ሬም ነው፤ ያልፋል።» ቀጥሎ ለራስህ፣ «ስለማይጎዳኝ የምፈራበት ምክንያት የለም፤ ፍርሃቱ ነው የሚያባብሰው» በለው። ከዚያ ልብህን የሚያሞቅ አንድ ነገር ላይ ሐሳብህን ትከል። የእናትህ ፊት ይሁን። አቡነ ዘበሰማያት ይሁን። በመጨረሻ ሰውነትህን አላላው፣ አትታገል። ለመነሣት በታገልክ ቁጥር ደረትህ ይከብዳል። አብዛኛውን ጊዜ በሰከንዶች፣ ግፋ ቢል በጥቂት ደቂቃ ይለቅሃል።

ዋናው ነገር ግን ይሄን ቀን ላይ መለማመድ ነው። ፈርተህ እያለህ አዲስ ነገር አትማርም። በየቀኑ አምስት ደቂቃ ተጋደምና እንደያዘህ አድርገህ አስብ፤ አራቱንም አድርግ። ያን ጊዜ ሌሊት ሲመጣ ቃሉ በራሱ ይመጣልሃል።

ጸሎትህን አትተው። ጓደኛህም አያተል ኩርሲውን አይተው። ሐሳብን አረጋግቶ አንድ ቦታ የሚያሳርፍ ነገር ሁሉ እዚህ ላይ ይረዳል። ለእናትህም እንዲህ በላት፦ ጸበሉን እጠጣለሁ፣ እንቅልፌንም አስተካክላለሁ።

ሁለቱ ሳምንታት አልፈው እንቅልፍህ ከተስተካከለ ወደ ሉሲድ ድሪም ተመለስ። ነገሩ ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 እንግሊዝ አገር ኪት ሄርን የተባለ ተመራማሪ ሕልም ላይ ካለ ሰው ምልክት ተቀብሏል። ሰውየው ተኝቶ፣ ሕልም መሆኑን አውቆ፣ ዓይኑን በተስማሙበት መሠረት ግራና ቀኝ አንቀሳቀሰ፤ መሣሪያው መዘገበው። ዓይን አይቆለፍም ብዬህ የለ? በኋላም አሜሪካ ስታንፎርድ ላይ ስቲቨን ላበርዥ ይሄንኑ አሳይቷል።

ግን በሌላ በር ግባ። ነቅቶ በቀጥታ ወደ ሕልም መግባት ለጀማሪ የሚሆን አይደለም። ላበርዥ ራሱ ያወጣው የተሻለ መንገድ አለ። ጠዋት ስትነቃ ሳትነሣ ሕልምህን ጻፍ። ቀን ላይ ደጋግመህ «አሁን ሕልም ላይ ነኝ ወይ?» ብለህ በእውነት ፈትሽ፤ አንድ ጽሑፍ አንብበህ ዞር በልና እንደገና አንብበው። ሕልም ላይ ፊደሉ ብዙ ጊዜ ይለወጣል። ማታ ስትተኛ «ቀጥሎ ሳልም ሕልም መሆኑን አስታውሳለሁ» እያልክ፣ ያለምከውን ሕልም በልብህ እያየህ፣ በጎንህ እንቅልፍ ይውሰድህ። እዚህ ላይ አእምሮህን በግድ አታነቃውም፤ አንተም ትተኛለህ። ሌሊት በአላርም መነሣትን በሳምንት ከአንድ ሌሊት አታስበልጠው፤ በማግስቱ ክላስ ከሌለህ ብቻ። በአውስትራሊያ የተደረገ የ2017 (እ.ኤ.አ.) ጥናት እነዚህን ዘዴዎች አንድ ላይ የተጠቀሙ ሰዎች 17 በመቶ በሚሆነው ሙከራ እንደተሳካላቸው ያሳያል፤ ስለዚህ ቶሎ ካልመጣ አትናደድ። ኢንተርኔት ላይ «ሕልም ያደምቃል» የሚሉትን ክኒን እንዳትነካ። ከነሱ አንዱ፣ ጋላንታሚን፣ ለመርሳት በሽታ በሐኪም የሚታዘዝ መድኃኒት ነው።

የጊቤውን ነገር ግን ሉሲድ ድሪም እስኪሳካ መጠበቅ የለብህም። ለተደጋጋሚ ክፉ ሕልም እስካሁን በደንብ የተፈተነው መንገድ ቀን ላይ የሚሠራ ነው። ሕልሙን በወረቀት ጻፍ። ከዚያ አንተ በምትፈልገው መንገድ ለውጠው። ሲቪል ነህ፤ እዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ ሥራ። ምሰሶው የት እንደሚያርፍ፣ ስትሻገር ውኃው ከታች እንዴት እንደሚጮህ፣ ማዶ ማን እንደሚጠብቅህ ጻፍ። አዲሱን ሕልም በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ዓይንህን ጨፍነህ እየው። አሮጌውን አትድገመው። ሳምንታት ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፦ ከልጅነትህ ጀምሮ ነው ብለሃል። ወንዝ ላይ የደረሰብህ ወይም ያየኸው ከባድ ነገር ካለ ብቻህን አትያዘው። እንዲህ ያለ ቁስል ራሱ ዱካክን ያበዛል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። እዚያ መሄድ ማበድ አይደለም።

ሐኪም ቤት ሳትዘገይ ሂድ የምልህ በእነዚህ ምልክቶች ነው፦ ቀን ላይ ክላስ ውስጥ ሳታስበው እንቅልፍ የሚጥልህ ከሆነ፤ ስትስቅ ወይም ስትደነግጥ ጉልበትህ የሚከዳህ ከሆነ፤ ሌሊት እያንኮራፋህ ትንፋሽህ እንደሚቋረጥ ጓደኛህ ከነገረህ፤ ዱካኩ በየሳምንቱ ከመጣ፤ ነቅተህ በምትንቀሳቀስበት ሰዓት ድምፅ የምትሰማ ወይም ጥላ የምታይ ከሆነ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናርኮሌፕሲ የሚባል መድኃኒት ያለው የእንቅልፍ በሽታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ዛሬ ማታ ደግሞ ከዶርም ጓደኛህ ጋር ተስማማ። ትንፋሽህ ሲፈጥን ወይም ስታቃስት ከሰማ ስምህን ጠርቶ ትከሻህን ይንካህ። የሰው እጅ ሲነካ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይለቃል።